ጥፋቱ የመስታወቱ ነው

ሚስተር ኦልሶፕን የገጨናቸው እኛ ነን፤ ይቅርታ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው። ሣር ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ብስክሌታቸው እግራቸው ላይ ተኝቶ፣ ባርኔጣቸው ጉድባ ውስጥ ገብቶ፣ «ይቅርታ ዳክዬዬ፣ አስደነገጥኩሽ መሰለኝ» አሉኝ፤ በኛ በኩል ልጅ ሲቆላመጥ ዳክዬ ይባላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይቅርታ የሚጠይቀው ያጠፋ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ስለዚህ ነገሩ አለቀ አልኩ በልቤ፤ ሰውየው አመኑ። የኛ አገር ሰው እግሩ ላይ ሲቆሙበትም ይቅርታ እንደሚል፣ ቃሉ እንደ ማስነጠስ ሳይታሰብ የሚያመልጥ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ይህን ያወቅኩት እኔም በተራዬ ስረገጥ ይቅርታ ማለት ስጀምር ነው።

ከመኪናዋ ልጀምር።

አባቴ ዴዝመንድ ፓርጀተር አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ በዕድሜ እኔን በአሥር ዓመት የምትበልጥ። የተገጣጠመችው እሱ ራሱ ሃያ ዓመት በሠራበት ፋብሪካ፣ እዚሁ ከተማችን ኮቨንትሪ ነው፤ «የግራውን በር የሰቀልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» ይል ነበር። ፋብሪካው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስምንት መቶ ሰው ሲያሰናብት አባቴ ከስምንት መቶዎቹ አንዱ ሆነና የዳቦ መኪና ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ። አሥራ አራት ሱቅ፣ በየማለዳው ያው መንገድ። «መንገዱን እግሬ ያውቀዋል፤ እኔ ለወጉ ነው የምቀመጠው» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ከሰው ሁሉ ጋር እስቃለሁ።

እናቴ ሞሪን ቀይዋን መኪና በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ሌላዋ» ነው የምትላት።

«ሌላዋ ደግሞ ዛሬ ምን አማራት?»

በዚያ ግንቦት ሌላዋን ያማራት የመስታወት ውሃ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ከኮፈኑ ሥር የውሃ ጠርሙስ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ቁልፍ አለች፤ በጣት ሲጫኗት ውሃው በቀጭን የጎማ ቱቦ ሄዶ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባሉ ሁለት መርጫዎች ፊጭ ይላል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ምን የለው፤ የጣት ጉልበት ብቻ። እሱ ካልሠራ ግን መኪናዋ ዓመታዊውን ምርመራ አታልፍም። የኛዋ ቁልፍ ስትጫን እንደ ሽማግሌ ትተነፍሳለች እንጂ ውሃ አትሰጥም።

የኔ ሥራ መጫን ነበር። አባቴ የሾፌሩ ወንበር ላይ ሁለት የስልክ ማውጫ ደራርቦ ያስቀምጠኛል። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ይቆማል።

«ተጫኚ! መጣ?»

«አልመጣም!»

«ድገሚ! አሁንስ?»

«ትንፋሽ ብቻ ነው!»

ውሃው የሚወጣው እሱ አፍንጫ ሥር ነው። መጣ ወይ ብሎ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችውን ልጅ የሚጠይቀው ደግሞ እሱ ነው። ይሄ ነገር እንግዳ መሆኑን ያስተዋልኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ አንድ ቀን መኪና ማጠቢያ ተራ ቆሜ ነው። ያኔ ግን እንደ ምክትል የተሾምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቱቦው በእርጅና ደርቆ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ቱቦውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈው፤ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «እዚህ ጋ ነሽ አንቺ» አላት። እጆቹ ተአምር ነበሩ። አዲስ ቱቦ ቆረጠ፣ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰና ከቀጭኗ ቧንቧ ላይ ሰካው። ውሃው አሁንም እንቢ አለ። መርጫዎቹን ፈታቸው። የኛ ሠፈር ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንኳ ነጭ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ የመርጫዎቹን ቀዳዳ ደፍኖታል።

«ይሄን አንቺ ነሽ የምትሠሪው፤ ያንቺ ዓይን አዲስ ነው» ብሎ ከሽቦ ብሩሽ ላይ አንዲት ፀጉር የመሰለች ሽቦ ነቅሎ ሰጠኝ። ቀዳዳዋ የጉንዳን ዓይን ታክላለች። ምላሴን አውጥቼ፣ ትንፋሼን ውጬ አስገባኋት። ነጭ ዱቄት መዳፌ ላይ ወረደ። አባቴ መርጫዋን ተቀብሎኝ ወደ ሰማይ አነሳትና ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው፣ በአንድ ዓይኑ ጥግ ተመለከታት። በዚያ ሰሞን ሁሉን ነገር እንደዚያ ነበር የሚያየው፤ ጋዜጣውን፣ ሰዓቱን፣ እኔን። የባለሙያ አስተያየት መሰለኝ። በሆዴ ያዝኩት።

«ተጫኚ!»

ተጫንኩ። ውሃው በሁለት ቀስት ተነስቶ መስታወቱን ዘለለው፣ እኔን ዘለለኝ፣ አጥሩንም ዘሎ የጎረቤታችን የሚስዝ ሞሊ ጌድኒ ልብስ ማስጫ ላይ አረፈ።

«ዴስ ፓርጀተር!» አለች ከአጥሩ ማዶ። «የታጠበ ልብስ ነው እኮ! ካማረህ ቆሻሻውን ላምጣልህ!»

«ሳሙና የለውም፣ ሞሊ! ማለቅለቂያ አርጊው!»

በጣም ሳቅን። መርጫዎቹን በስፒል ጫፍ ወደ ታች አዘነበልናቸው፤ ውሃው ሁለቱም ጎን፣ መጥረጊያዎቹ በሚደርሱበት ልክ ማረፍ ጀመረ። ሥራው አለቀ፤ እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ላይ የነበረው ችግር ያን ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሙሉ በሙሉ አለቀ።

አባቴ እኔን አስነስቶ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመስታወቱ መንገዱን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«አልጠራም» አለ።

«ምኑ?»

«መስታወቱ። መሐሉ ላይ ጭጋግ አለው። አይታይሽም?»

አልታየኝም። እሱ ግን ባለሙያ ነው፤ ለባለሙያ የሚታይ እኔ የማይታየኝ ጭጋግ መኖር አለበት። «ትንሽ ይታየኛል» አልኩት።

ይቺን መልስ ብዙ ጊዜ መልሼ አኝኬያታለሁ።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን በኮምጣጤ አጠብን። መስታወቱን በጋዜጣ አሸን። ውሃው ውስጥ ስፒሪቶ ጨመርን፤ ከዚያ የዕቃ ሳሙና ጠብታ። መጥረጊያዎቹን ቀየርን። የምትጫነዋን ቁልፍ ከነፓምፗ ነቅሎ ሌላ ገጠመላት፤ ያቺንም አላመናትም። ሰኔ እስኪያልቅ የመስታወቱን ውሃ አራት ጊዜ ጠገንነው። በየጊዜው ውሃው ይመጣል። በየጊዜው አባቴ ይቀመጣል፣ ያያል፣ «አሁንም መሐሉ ላይ ነው» ይላል።

እኔ በበኩሌ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን በዓይኔ ጥግ ማየት ጀመርኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ዓይኔን ወደ ሰሌዳው አንጋድዳለሁ፤ ባለሙያ ነኛ። አስተማሪያችን ሦስት ቀን ታገሠችኝና ለእናቴ ወረቀት ላከች። በዚያ ሰሞን ሁለት ምርመራ ተደቀነብን ማለት ነው፤ የኔ ዓይንና የመኪናዋ።

የዓይን ሐኪሙ ፊደሎቹን ከላይ እስከ ታች አስነበበኝ። የሰንጠረዡን አታሚ ስም የያዘችውን የመጨረሻዋን የቅንጣት መስመርም አነበብኩለት።

«እንደ ጭልፊት ነው የምታየው» አለ ለእናቴ። «ታዲያ ለምንድነው ጎን ብላ የምታየው? አንቺ ልጅ፣ ማን ነው እንደዚህ የሚያየው?»

«አባዬ ነዋ» አልኩ በኩራት።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋችው፤ ምንም አላወጣችበትም። አውቶቡስ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ አለቀሰች። ዓይኔ ደህና በመሆኑ ይህን ያህል መከፋቷ ገረመኝ። ምናልባት መነጽር ገዝታ ልታሳምረኝ አስባ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ማታ ራት ከተነሳ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰማኋቸው።

«መስታወቱ ነው እያልኩሽ፣ ሞሪን።»

«መስታወቱ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል እንዴ? ዛሬ ጠዋት ሻዩን ከኩባያው ጎን ነው የቀዳኸው።»

«ደክሞኝ ነዋ።»

«የዳቦ መኪና ነው የምትነዳው፣ ዴስ። የትምህርት ቤት በር ላይ ታልፋለህ።»

አባቴ ወንበሩን ወደኋላ ሲገፋ ሰማሁ።

«ለአሠሪዎችህ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ነግሬ ምን ልሁን? የስምንት መቶው ሥራ አጥ ሰልፍ ውስጥ ልመለስ? ሰልፉን የማየው እንኳ አይመስለኝም» አለ፤ ሊስቅ ሞከረና ሳይሆንለት ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እሑድ ይለፍልኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

«ሰኞ።»

«አልኩ እኮ። ሰኞ።»

እኔ የገባኝ፣ ሰኞ የመስታወት ውሃው ወደ ትልቅ ጋራዥ እንደሚሄድ ነው። እናቴ ስለ መንዳቱ ስትቆጣው፣ ሁሌም እንደምታደርገው በሌላዋ ቀንታ መስሎኝ ተቀየምኳት። ለሁለት ቀን ሳልስማት ነበር የተኛሁት።

የመኪናዋ ምርመራ ዓርብ ነበር። መርማሪው ራልፍ ቲብስ ከአባቴ ጋር በአሥራ አምስት ዓመታቸው በአንድ ቀን ፋብሪካ የገባ፣ አሁን የራሱ ጋራዥ ያለው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ወፍራም ሰውዬ ነው። አጎት ራልፍ ነው የምለው። ጋራዡ በር ላይ ለልዑሉ ሠርግ የተሰቀለች ትንሽ ባንዲራ ነበረች፤ ግሪስ ነክቷታል።

«እስቲ ፊጭ አርጊልኝ፣ አለቃ» አለኝ።

ተጫንኩ። ሁለቱም ጎን ደረሰ።

«አለፈች። ይሄ መስታወት ከኔ መነጽር ይጠራል፤ ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ቀልድህን ተው» አለ አባቴ። «መሐሉ ጭጋግ ነው።»

ራልፍ መስታወቱን አየ። ቀጥሎ አባቴን አየ፤ አስተያየቱ የመኪና ጎማ ሥር ስንጥቅ ሲፈልግ እንደሚያይበት ነበር። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ወደ ግቢው በር ጠቆመ፤ በሩ አጠገብ አንድ ነጭ ቫን ቆሟል።

«ዴስ፣ የዚያን ታርጋ አንብብልኝ እስቲ።»

መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይሄንኑ ነው፤ በሃያ እርምጃ ላይ የቆመ ታርጋ ማንበብ። ሃያ ዓመት መኪና ለነዳ ሰው እንዲህ ማለት፣ ስምህን ጻፍ እንደማለት ነው። አባቴ ሳያመነታ ፊደሉንም ቁጥሩንም እንደ ጸሎት አወረደው።

እኔ ቫኑን አየሁት። ታርጋው ሌላ ነው። ቫኑም ሌላ ነው፤ ጎኑ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ስም ተጽፎበታል። ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ራልፍን እያሞኘው ነው አልኩ።

ራልፍ አልሳቀም። «የኔን ቫን ቁጥር ነው የነገርከኝ» አለ በዝግታ። «የኔን ቫን ዛሬ ሚስቴ ይዛዋለች።»

«አየህ፣ ቀልዴን አበላሸህብኝ» አለ አባቴ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። «ነይ ጂል፣ እንሂድ።»

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ሌስተር ከተማ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። እኔ ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ራልፍ በእግሩ መጣ፣ በሩን አላንኳኳም። የመኪናዋን ኮፈን ቀስ ብሎ አነሳና እጁን አስገባ፤ ሞተሩ ላይ ካለችው ክዳን ሥር የአውራ ጣት ያህል ጥቁር ነገር ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሮተር ይባላል፤ ያለ እሷ ሞተሩ ሺህ ጊዜ ቢያጓራ አይነሳም። ቀና ሲል አየኝ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ የምረዳው እየመሰለኝ የማልረዳው ነገር አደረገ፤ እጆቹን እንደሚለምን ሰው አገናኝቶ ወደኔ አነሳቸው።

እኔ ሌባ አይታ ዝም የምትል ልጅ አልነበርኩም። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ወረድኩ።

«አባዬ! አጎት ራልፍ ከመኪናዋ ሞተር ውስጥ ዕቃ ሰረቀ!»

አባቴ ተነስቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዶ፣ መብራት ሳያበራ፣ መደርደሪያው ላይ ካሉት የትምባሆ ቆርቆሮዎች ሦስተኛውን ከፍቶ በጣቱ ዳበሰ። ሌላ ሮተር ይዞ ወጣ።

«ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «ባትነግሪኝ ነገ ቀኑ ይባክን ነበር።»

እሑድ ወደ ማምሻው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ በሂንክሊ መንገድ ወጣን። ሸራውን አጥፈነዋል። ባንዲራው በየቤቱ ይውለበለባል። ያላወቅኩት ነገር፣ ይሄ ለሱ የመጨረሻው መንዳት መሆኑን ነው፤ ሰኞ ሄዶ ሊነግራቸው አሥራ አራት ሰዓት ቀርቶታል። ለኔ ግን ምርመራ ላለፈች መኪና የሚገባት ሽርሽር ነበር።

«ረዳቴ ነሽ» አለኝ ገና ሲነሳ። «ጨዋታው እንዲህ ነው። መብራትና ምልክት ስታዪ ትጮሂያለሽ። ሌላ ወሬ የለም፤ ሾፌር አይዘናጋም። እሺ?»

«እሺ። ቀይ መብራት!»

«ጎበዝ።»

«አረንጓዴ! ወደ ግራ መታጠፊያ! አቁም ይላል!»

አንዲት አላመለጠችኝም። ከከተማው ወጥተን አጥሩ ቁጥቋጦ የሆነ ጠባብ መንገድ ያዝን። ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጣች።

ሚስተር ኦልሶፕን ከሩቅ አየኋቸው። ከአትክልት ቦታቸው እየተመለሱ ነበር፤ ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ ከኋላው ሽንኩርት ጭነው መንገዱን ያቋርጣሉ። እጃቸውን አነሱ። ሰላም የሚሉን መሰለኝ። እኔም እጄን አንስቼ አውለበለብኩላቸው። አባቴ በዚያው ቅጽበት ቁልፏን ይጫናል፣ ደጋግሞ ይጫናል።

«ነጭ ሆነ ደግሞ! ውሃው አልመጣም። ይሄ እርጉም ነገር፣ ዛሬም አልመጣም!»

መጥቶ ነበር። በሁለት ቀስት ተነስቶ፣ ፀሐይ እያበራበት፣ መስታወቱ ላይ ያርፋል። መጥቷል ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ወሬ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ዘጋሁት። ሰውም መብራት አይደለም። ሰውም ምልክት አይደለም።

ድምፁ የበር መላተም ያህል ነበር።

ሚስተር ኦልሶፕ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ያቺን ይቅርታ አሉኝ። አንዲት ሴት ከቅርብ ቤት ስልክ ደወለች፤ አምቡላንስ መጣና ወሰዳቸው። አንደኛው የአምቡላንስ ሰው ሽንኩርቱን ከመንገዱ ለቅሞ አብሯቸው ጫነላቸው። ፖሊሱ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነበር። አባቴ አጥሩ አጠገብ ያለ የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጧል፤ ከመኪናዋ ስድስት ሰባት እርምጃ ይርቃል።

«መስታወቱ ነው» አለ። «ፀሐይዋ ስትመታው ነጭ ይሆናል። ውሃውን ተጫንኩ፣ አልመጣም። ልጄን ጠይቃት፣ አራት ጊዜ ነው የጠገንነው።»

«እውነት ነው?» አለኝ ፖሊሱ።

«አዎ። ደግሞ ሰውየው ይቅርታ ጠይቀዋል።»

ይህንንም ጻፈው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናዋ ውስጥ እጁን ሰደደና ቁልፏን ተጫነ።

ውሃው ሁለቱም ጎን ፊጭ አለ። እንደዚያ አምሮ መጥቶ አያውቅም። መስታወቱ ላይ ወርዶ እስከ ኮፈኑ ፈሰሰ፣ ከኮፈኑም መሬት ነካ።

«አየኸው?» አለ አባቴ ከግንቡ ላይ። «ጠብ አይልም።»

ፖሊሱ መስታወቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። ማንም አልተናገረም። አባቴ፣ የተረጋገጠለት ሰው እንደሚሆነው፣ ራሱን ይነቀንቃል። ለምን እንደሆነ ባይገባኝም አንድ ትልቅ ነገር ሊወድቅ እንደሆነና የማስቀረው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገባኝ።

«አልመጣም» አልኩ ጮክ ብዬ።

ፖሊሱ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳልፎ አሳየኝ። ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥላለች። «ታዲያ ይሄ ምንድነው?» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም።

«ዝናብ ነው።»

ሰማዩ ላይ የጨርቅ ቁራጭ የምታህል ደመና አልነበረችም። ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ።

«ተይው፣ ጂል» አለ አባቴ። ድምፁ ልክ እናቴ ያን ማታ የተናገረችበትን ድምፅ ይመስል ነበር። «መጥቷል፣ አይደል?»

መልስ አልጠበቀም። ተነስቶ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ለፖሊሱ ዘረጋለት፤ ፖሊሱ ግን የዘረጋበት ቦታ አልነበረም። ወጣቱ ፖሊስ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደና ቁልፉ የተዘረጋበት ቦታ ላይ ቆሞ ተቀበለው።

በማግስቱ ራልፍ መጥቶ የሰረቃትን ሮተር ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እኔ ከደረጃው ሥር ነበርኩ።

«እንዴት አስነሳሃት?»

«ሌላ ነበረኝ።»

«መውጣቷን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል?» አለ አባቴ። «ልነሳ ስል እንቢ አለችኝ፤ ከፍቼ ዳበስኩ።»

እኔ እንደነገርኩት የረሳው መሰለኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ከፋኝ። አባቴ ሃያ አራት ዓመት ከዚያ በኋላ ኖረ። ዓይኑ መሐል ያለው ጭጋግ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ጠርዙንም በላው። ራልፍ ሌላዋን በራሱ መኪና ጎትቶ ወስዶ ሸጠለት፤ በየሐሙሱ እየመጣ ጋዜጣ ያነብለት ነበር። ሚስተር ኦልሶፕ በከዘራ እየሄዱ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ በየገናው፣ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ የሚል ካርድ ይልኩልን ነበር። አባቴ ካርዱን በእጁ ይዳብሰዋል፤ እኔ አነብለታለሁ። የሮተሯን መነቀል ማን እንደነገረው ግን ለማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።

እናቴ ያረፈችው ከዚያ እሑድ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አገኘሁት፤ አባቴ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሰጠው ቃል በታይፕ ተጽፎ። ስለ መስታወቱ አንድም ቃል የለበትም። ዳኛው ዓይንዎ መድከሙን መጀመሪያ ያወቁት መቼ ነው ብለውታል።

መጋቢት ላይ፣ ይላል አባቴ። ልጄ ትምህርት ቤት ትርኢት ነበራት።

ትርኢቱ ትዝ ይለኛል። አሥራ አንዳችንም ዛፍ ነበርን፤ ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋ አረንጓዴ ለብሰን መድረኩ ላይ ተደረደርን። የምንናገረው የለም፤ ነፋስ ሲመጣ መወዛወዝ ብቻ። ሲያበቃ ከአዳራሹ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ አጨበጨበ፤ አባቴ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ከዛፎቹ ሁሉ ያማርሽው አንቺ ነሽ፤ ዓይኔን አልነቀልኩም» አለኝ። ፈተና ስወድቅ፣ ትዳሬ ሲፈርስ፣ ከሥራ ስሰናበት፣ ያን ጭብጨባ አውጥቼ እሰማዋለሁ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ሁሉም አረንጓዴ ነበሩ። ፊት አልነበራቸውም። ልጄ የትኛዋ እንደሆነች ሚስቴን መጠየቅ አፈርኩ። በግራ ጥግ ያለችው ትሆናለች ብዬ ለሷ ተነስቼ አጨበጨብኩ።»

እኔ ከቀኝ ሦስተኛ ነበርኩ። በግራ ጥግ የቆመው ትሬቨር ነው። በየትርኢቱ ሊያየው የሚመጣ ዘመድ ያልነበረው ልጅ። ያን ዕለት መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት ትሬቨር ፊቱ ቀልቶ፣ ሁለቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ለማን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።